አንበሳ ጭድ አይበላም

«ብር ብር ነው። ላዩ ላይ አንበሳ ተሳለ አጋዘን፣ አንተ ምን አገባህ?» ያልከኝ ወንድሜ፣ መርካቶ ጭድ ተራ ላይ ቆመህ እንዲህ ያለ ነገር ከወረወርክ ዝም ብሎ የሚያሳልፍህ የለም። መልስህን ቆጥረህ ተቀበል።

ሥዕሉ ምንም ካልሆነ፣ ሁለት መቶ ብር ሲሰጡህ ወደ ፀሐይ አንስተህ የምታየው ምኑን ነው? ቁጥሩማ መዳፍህ ላይ ሆኖም ይነበባል። አንተ የምትፈልገው ወረቀቱ ውስጥ የተደበቀውን መልክ ነው። መልኩን ካጣኸው ሰውየው ቢምልም ባይምልም ትመልስለታለህ። ስለዚህ ገንዘብ የምታምነው በሥዕሉ ነው ማለት ነው፤ አገባህም አላገባህም።

አያትህም እንደዚሁ ነበሩ። ጠገራ ብር ሲሰጣቸው መጀመሪያ ሚዛን አልጠየቁም፤ ላዩ ላይ ያለችውን ሴት አዩ። ሴቲቱ፣ ማሪያ ቴሬዛ፣ የኦስትሪያ ገዥ ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞታለች። ኢትዮጵያን በዓይኗ አላየችም። ግን የኛ ነጋዴ የዘውዷንና የጌጧን ዕንቁ እየቆጠረ፣ ተፍቆ የጠፋበትን «ይህስ አይሆንም» እያለ፣ ከሞተች በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ፊቷን ሲያገላብጥ ኖረ። ብሩም ዓመት በዓመት ሲመታ «1780» እንደተባለ ቀረ፤ ቀኑ ከተለወጠ ገበያው አይቀበልማ። ሃያ ስምንት ግራም የሚመዝን ብር እጁ ላይ እያለ ዕንቁ የሚቆጥር ሕዝብ ልጅ ነህና «ሥዕል ምን አገባኝ» የሚለው አባባል ካንተ አፍ አያምርም።

«ይህ የዓለማዊ ሰው ነገር ነው» የሚል ካለም ራቅ ብሎ መሄድ አያስፈልግም፤ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ እዚሁ መርካቶ ጎን ለጎን ቆመዋል። ክርስቶስ ስለ ግብር ሲፈትኑት ገንዘቡን አስመጥቶ መጀመሪያ የጠየቀው መልኩ የማን እንደሆነ ነው። ከሊፋው አብዱልመሊክ ኢብን መርዋን ደግሞ በ77 ዓመተ ሂጅራ ከወርቅ ዲናሩ ላይ የሰው መልክ አንስቶ ጽሑፍ ብቻ አደረገበት። አንዱ ጠየቀ፣ አንዱ ፋቀ። ምን አገባኝ ያለ ግን የለም።

አሁን ወደ ራሳችን ሰፈር እንግባ። ጭድ ተራ ስሙን ያገኘው ከሸጠው ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አንስቶ ወደዚህ ወደ ምዕራብ ሲያወርደው እያንዳንዱ ዕቃ የራሱን ተራ ያዘ፤ በርበሬው ለብቻው፣ ቆርቆሮው ለብቻው፣ ጭዱም ለብቻው። ዛሬ ፎቁ በዝቷል፤ ዕቃው ተለዋውጧል፤ ስሙን ግን የነካው የለም። ጭድ ደግሞ ሁለት ደንበኛ አለው፤ ጭቃ የሚያቦካ ቤት ሠሪና የሚበላ እንስሳ። ከእንስሳቱ መካከል እዚህ ተራ ላይ ጉዳይ ያለው በሬ ነው፤ ላም ነች፤ አህያ ነው። ታዲያ ከኪሴ ሳንቲም አውጥቼ ሳየው በሁሉም ላይ አፉን ከፍቶ የሚያየኝ አንበሳ ነው። ጥያቄዬ እዚህ ላይ ነው፤ አንበሳው ከጭድ ተራ ምን ይገዛል?

«ጊዜው ይመጣል! ነቢዩ ኢሳይያስ አንበሳ እንደ በሬ ገለባ የሚበላበት ዘመን እንደሚመጣ ተናግሯል» አሉኝ አንድ አባት፤ መጽሐፉን ጠንቅቀው ያውቃሉ።

ልክ ነዎት አባቴ። ያ ቀን ሲመጣ እዚሁ ተራ ይሰለፍ፤ እኔ ራሴ አሸክመዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን ዕዳውን የሚከፍለው በሬው ነው።

«በሬውማ አለ፤ አንድ ሳንቲም ላይ ሁለት በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አላየህም?» የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። አይቻለሁ። የ1969ኙን አንድ ሳንቲም፣ ያችን ቀላል አልሙኒየም፣ ስንቱ ልጅ ሆኖ አፉ ውስጥ ከትቷታል። አገር የሚመግበውን ጥንድ በሬ ከሳንቲም ሁሉ ያነሰችው ላይ ሳሉት፤ ዋጋው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ዛሬ አንድ ሳንቲም ይዘህ ጭድ ተራ ብትገባ አንዲት ዘለላ ገለባ አይሰጡህም። ገበሬው በወረቀቱ ብር ላይም ከነበሬው ታይቷል፤ ያንን አልክድም፤ እዚያ ላይ ክብር አግኝቷል። ሳንቲሙ ላይ ግን የሚያርሰው ማንም የማይቀበለውን መሬት ነው፤ ይህ ያንገበግበኛል።

እህል በገንዘብ ላይ ያለውን ማዕረግ ማየት የሚፈልግ አክሱም ድረስ ይመለስ። አክሱሞች ከክርስቶስ ልደት በኋላ በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ፣ ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ፣ የራሳቸውን ወርቅ፣ ብርና ነሐስ አትመዋል። ኢዛና ክርስትናን ሲቀበል ከላይ የነበረችውን ጨረቃ አንስቶ መስቀል አስገባ። በወርቁ ላይ የንጉሡን ራስ ከግራና ከቀኝ አቅፈው የቆሙት ግን ሁለት የእህል ዘለላዎች ናቸው። አንበሳ የለም፤ ጎራዴ የተማዘዘ ጭፍራ የለም። ንጉሡ ራሱን ያስከበረው በእህል አገዳ ነው። ያ አገዳ ሲወቃ ምን ይወጣዋል? ፍሬው ወደ ጎተራ፣ የቀረው ወደ ጭድ ተራ! አንበሳው ገንዘባችን ላይ ከመውጣቱ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ አስቀድሞ የኛ ተራ ዕቃ ወርቅ ላይ ነበረ። ይህንን ለሸራ ተራና ለሳጥን ተራ ልጆች ንገሩልኝ፤ ከነሱ ዕቃ የትኛው ነው ወርቅ ላይ የወጣው?

አንበሳው የመጣው በዳግማዊ ምኒልክ ነው። በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ያሠሩት ብር በአንዱ ፊት ዘውድ የደፋውን የራሳቸውን መልክ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ፣ መስቀል ያለበትን በትር የያዘ አንበሳ፣ ዙሪያውን «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚል ጽሑፍ ይዞ ወጣ። አምሮ ነበር። ገበያው ምን አለ? «ሴቲቱን ስጡኝ!» ከአንድ ዓመት በኋላ አድዋ ላይ ጣሊያንን ድል የነሡት ንጉሥ፣ ሞታ መቶ አሥራ አራት ዓመት ያለፋትን የኦስትሪያ እመቤት ከገበያ ማስወጣት አቃታቸው። ባላገሩ ንጉሡን ስላልወደደ አይደለም፤ የለመደውን መልክ ስላመነ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ የሚመጣውም ነጋዴ የሚቀበለው እሷኑ ነበር። እና አንተ አሁንም ሥዕሉ ምን አገባኝ ትላለህ?

በወረቀት የመጡት የመጀመሪያ ብሮቻችን ደግሞ አራዊት የነገሡባቸው ነበሩ። የአቢሲኒያ ባንክ በ1907 ዓ.ም. ባወጣቸው ላይ አጋዘን አምስት ብር፣ ነብር አሥር ብር፣ አንበሳ ሃምሳ ብር፣ ዝሆን መቶ ብር ነበረ። ልብ በል፤ ዝሆኑ አንበሳውን በእጥፍ ይበልጠው ነበር! ያኔ እዚህ ቆሜ ቢሆን «ዝሆኑስ ሣር በል ነው፤ የኛ ደንበኛ ይሆናል» እል ነበር። አምስት መቶው ላይ ጦረኛ ቆመ። እንስሳቱ ሁሉ የአደን እንስሳት ናቸው፤ ገድለህ የምትፎክርባቸው። የሚያርስልህ፣ የሚሸከምልህ ግን አንድም አልነበረም።

በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጊዜ፣ ጣሊያን ከወጣ በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ ገንዘብ ሥራ ሲጀምር፣ ከአንድ ሳንቲም እስከ ሃምሳ ሳንቲም በአንድ ፊት ንጉሡ፣ በሌላው አንበሳው ሆኑ። ሁሉም ላይ ያው! ይህ ያመጣው ጣጣ ሊነገር የሚገባው ነው። ሃያ አምስት ሳንቲሙ ክብ መዳብ ነበር፤ ሃምሳው ክብ ብር። ሥዕሉ አንድ ዓይነት ስለሆነ ብልጣ ብልጡ ስሙኒውን በብር ቀለም እየነከረ ሽልንግ ብሎ ሰጠ። መንግሥት ምን አደረገ? የስሙኒውን ዳር እንደ አበባ ቅጠል ቆርጦ አወጣው። እንስሳውና ሰውዬው ቢለያዩ ኖሮ ዳሩን መቁረጥ ባላስፈለገ ነበር። ፊደልና ቁጥር ለማይለይ ሰው ሥዕል ማንበቢያው ነው፤ በሁሉም ላይ አንድ ፊት ማድረግ ማንበቢያውን መንጠቅ ነው።

ልጆች ሳንቲም ሲወረውሩ «ዘውድ ወይስ ጎፈር?» የሚሉት ከዚያ ዘመን ተርፎ ነው። ዘውዱ ከሳንቲሙ ከወረደ ስንት ዘመን ሆነው፤ ልጆቹ አሁንም ይጠሩታል።

ዘውዱን ያወረደው ደርግ ነው። በብዙ ነገር ደርግን የምሞግት ሰው ነኝ፤ በብዙ ነገርም ይቅር የማልለው አለ። በሳንቲሙ ነገር ግን የሠራውን መካድ አልችልም። በ1969 ዓ.ም. ያወጣቸው ሳንቲሞች በአንድ ወገን ዘውድ የሌለው የአንበሳ ራስ አላቸው። ሌላው ወገን ግን ለእያንዳንዱ ሌላ ሌላ ሆነ፤ አንዱ ላይ ገበሬና በሬዎቹ፣ አምስቱ ላይ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ አሥሩ ላይ ኒያላ፣ ስሙኒው ላይ እጃቸውን ያነሱ ወንድና ሴት፣ ሽልንጉ ላይ ሰብሰብ ያለ ሕዝብ። ጨለማ ውስጥ ሻማ ለኩሶ የሚቸረችር ሰው ሳይቀር በሥዕሉ ይለያቸዋል።

ኒያላው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉም እሱን ነው የምወደው። ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም። የአፍሪካን ታላላቅ አራዊት ሲመዘግቡ የኖሩት የውጭ አገር ሊቃውንት ይህንን የደጋ አጋዘን መዝግበው ስም የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ከሌሎች ታላላቅ አጋዘኖች ሁሉ ዘግይተው። ቀንዱ ተጠማዝዞ የሚወጣ፣ ፀጉሩ ለብርድ የተሠራ፣ ሲያዩት የሚያኮራ ፍጡር ነው። እሱን አሥር ሳንቲም ላይ አየነው፤ የሲጋራ ፓኮ ላይም አየነው። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ከፓኮው ነው። አሥር ሳንቲም ድሮ ስልክ ታስደውል ነበር፤ አሁን ማንም ጎንበስ ብሎ አያነሳትም። ባሌ ላይ እያነሰ የሄደው እንስሳ ሳንቲማችን ላይም አብሮ እየጠፋ ነው። ልጄ ኒያላን የት ይየው? ባሌ ድረስ የሚሄድ ስንቱ ነው? ገንዘብ እኮ ሳይከፈልበት በየቤቱ የሚገባ መጽሐፍ ነው።

ዋልያውስ? ስሜን ተራራ ላይ ብቻ ያለው፣ የእግር ኳስ ቡድናችን ስሙን የወሰደው? እሱም ገንዘብ ላይ ወጥቷል፤ በ1970 ዓ.ም.፣ በስድስት መቶ ብር የወርቅ ሳንቲም ላይ! በዚያው ዓመት ኒያላው በባለ ሃያ አምስት ብር፣ አጥንት ከላይ ጥሎ የሚሰብረው ባለጢም አሞራ ደግሞ በባለ አሥር ብር ሳንቲም ላይ ወጡ፤ ሁለቱም በብር ተሠሩ። የዱር አራዊት ጥበቃን ለመርዳት ለሰብሳቢ የወጡ ናቸው። ዓላማው መልካም ነው፤ ገበያ ላይ ግን አንድም ቀን አልተገናኘንም። ዋልያን በወርቅ ሠርተው በሣጥን ከቆለፉት፣ የስሜን ገበሬ በሬው ሳር ሲያጣ ከዋልያው ጋር እንዲካፈል የሚለምነው ማነው? ጭዱን የምትሸጥለት አንተ ነህ፤ ዋልያውን የምታሳየው ግን በምን?

የቆየውን የወረቀት ብር ደግሞ ተመልከት። አንድ ብር ላይ የነበረው ልጅ፣ አምስት ብር ላይ ቡና የሚለቅመው ሰው፣ ከጀርባው አጋዘኑና ደልጋ አንበሳው፣ አሥር ብር ላይ የምትሰፋው ሴት፣ መቶ ብር ጀርባ ላይ በአጉሊ መነጽር የሚያየው ሰው። ስማቸው አልተጻፈም። ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ፤ እነሱ አልወደቁም። አዲሱ መንግሥት የራሱን ብር ሲያትም እነሱኑ አተመ። ንጉሡ ሲወርዱ ፊታቸው ከገንዘቡ ወረደ፤ ቡና ለቃሚው ግን ሁለት መንግሥት አሻግሮ ቆመ። ለምን? ማንም ጠላት የለውማ! ማንም «የኛ አይደለም» አላለውም። የምትሰፋዋን ሴትዮ «የየትኛው ወገን ነሽ?» ብሎ የጠየቃት የለም፤ መሶቡ በሁሉም ቤት አለ።

ልጁ ግን በ2002 ዓ.ም. ወረደ። አንድ ብር ሳንቲም ሆነና በቦታው ሚዛን ተሳለ። ሚዛኑን አልቃወምም፤ መርካቶ ውስጥ ሚዛን በገንዘብ ላይ ቢሳል የሚጠቀመው ገዢው ነው፤ ሻጩም አንድ ብር ሲቀበል ያስታውሰዋል። ብቻ ልጁን የሚተካ ልጅ ሌላ ቦታ ላይ እፈልጋለሁ።

«እንግዲያው የታላላቆቻችንን ፊት እናውጣ! ምኒልክን! ጣይቱን! አበበ ቢቂላን!» አሉኝ አንዲት እትዬ፣ በርበሬ ተራ ብዙ ዘመን የነገዱ ናቸው።

እትዬ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፤ ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ሦስቱንም እጅ እነሳለሁ። ግን እርስዎ ምኒልክ ሲሉ ከጎንዎ ያለው ሌላ ስም ይጠራል፤ ከሱ ጎን ያለው ሌላ። ለአንዱ ፊት ሲሰጡ ለስንቱ ፊት ነሱ? ሐውልት ቦታ አለው፤ ማየት የፈለገ ይሄዳል፤ ያልፈለገ ዞሮ ያልፋል። ብር ግን ማንንም አስፈቅዶ ኪስ አይገባም። እርስዎ የሚወዱትን ፊት የማይወድ ሰው እንጀራ ሲገዛ በየቀኑ ቢያየው፣ ፍቅር አይወጣውም፤ ቂም ነው የሚወጣው። አበበም በባዶ እግሩ ሮም ላይ ያሸነፈው ለሁሉም ነው፤ ስታዲየም በስሙ አለ፤ መቀደድ በማይችል ነገር ላይ መቀመጡን እመርጣለሁ።

ጎረቤቶቻችን ይህንን በሕግ ጨርሰውታል። ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2010 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 231 ላይ፣ ገንዘብ የማንም ግለሰብ ምስል አይኑርበት ብላ ደነገገች። ከዚያ በፊት በየተራ የፕሬዚዳንቶቹ ፊት ነበረ፤ ኬንያታ፣ ሞይ፣ ኪባኪ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የወጡት ሳንቲሞች ቀጭኔ፣ አውራሪስ፣ አንበሳና ዝሆን ይዘው መጡ፤ በአንድ ሽልንግ ቀጭኔ፣ በአምስት አውራሪስ፣ በአሥር አንበሳ፣ በሃያ ዝሆን። እዚያም ዝሆኑ አንበሳውን በለጠው! በቀጣዩ ዓመት የወጣው ወረቀት ላይ የኬንያታ ሐውልት ከሕንጻ ጋር ሲታይ «ሐውልትም ፊት ነው» ብለው ፍርድ ቤት የሄዱ ነበሩ። አንድ ፊት ስንት ክርክር እንደሚያስነሳ እዩት። ስለ ቀጭኔው ግን ማንም አልከሰሰም።

እኔ ግን ከኬንያም አልፌ መሄድ እፈልጋለሁ፤ እነሱም የሳሉት ቱሪስት የሚመጣላቸውን ነው። ልቤ ያለው አየርላንድ ዘንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 ከእንግሊዝ ተላቃ የራሷን ሳንቲም ስታወጣ፣ ባለቅኔው ዬትስ በሊቀመንበርነት የመራው ኮሚቴ ነበረ። የተሾመ ሰው ፊት የለም፤ ጀግና የለም። ከትልቁ ጀምሮ ፈረስ፣ ሳልሞን ዓሣ፣ ኮርማ፣ አዳኝ ውሻ፣ ጥንቸል፣ ጫጩቶቿን ያስከተለች ዶሮ፣ ግልገሎቿን የያዘች ዐሣማ፣ አነስተኛዋ ላይ የዱር ወፍ። «ዐሣማ የሰው መሳቂያ ያደርገናል» ያሉ ነበሩ፤ ኮሚቴው አልሰማም። ከብት የሚያረባ አገር ነን፤ ያኖረንን እንሳል አለ። ገንዘባቸው ወደ አሥር አሥር ቁጥር ሲለወጥም ኮርማውና ሳልሞኑ አልወረዱም፤ ኤውሮ እስኪመጣ ቆዩ። በትልቁ ላይ ደግሞ ማንን እንዳስቀመጡ ልብ አልክ? የሚሸከመውን! ፈረሱን!

እኛስ? የኛ ተሸካሚ የት አለ?

«አህያ ልትል ነው?» አለኝ አንዱ፣ ሊስቅ ጥርሱን አዘጋጅቶ።

አዎ፣ አህያ! ሳቅና ጨርስ፤ ከዚያ መልስልኝ። እዚህ ተራ ላይ የተሸጠውን ጭድ ከከተማው ዙሪያ ካሉ ገጠሮች ማን አመጣው? አንበሳው? ኒያላው? ይህ ሁሉ ፎቅ ከመቆሙ በፊት የነበረው የጭቃ ቤት የተለሰነበትን ጭድ ማን ተሸከመው? ጤፉን፣ ከሰሉን፣ ውኃውን፣ ኩበቱን? አሞሌ ጨው ገንዘባችን በነበረበት ዘመን ከግመሉና ከበቅሎው ጋር ገንዘቡን ራሱን የተሸከመው ማነው? ገንዘብ የተሸከመ ፍጡር ገንዘብ ላይ መሳል አይገባውም? በእጄ ካለፈው ሳንቲምና ብር ሁሉ አህያ አላየሁም፤ አንድም።

በዓለም ላይ ከማንም አገር ይልቅ አህያ የሚበዛው እኛ ዘንድ ነው። የዓለም አህያ ዘር ከዚሁ ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ሰባት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ተለምዶ እንደወጣ የዘር ጥናት አሳይቷል፤ የዱር ዘመዱም አፋር በረሃ ላይ አለ፤ ሊጠፋ የቀረው ጥቂት ነው። ቢሾፍቱ ላይ የአህያ ቄራ ሲከፈት በ2009 ዓ.ም. ሕዝቡ «አይሆንም» ብሎ አዘጋው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ተሰብስበው የአህያ ቆዳ ንግድን በአህጉሩ ላይ ለአሥራ አምስት ዓመት አገዱ። ስለ አህያ ያለቀሰ ሕዝብ፣ ስለ አህያ የፈረደች ከተማ፣ አህያን ሳንቲም ላይ ለማየት ያፍራል?

«ስድብ ነው እኮ! ሰው ሲሰደብ አህያ ይባላል።»

ስድቡን ያመጣነው እኛ ነን እንጂ እሱ አይደለም። ስንጭነው ዝም አለ፤ ዝምታውን ድንቁርና አልነው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለውስ? በተረታችን እንኳ የሚፈራ አህያ አለ! ገጠር ሂድና ውኃ ከወንዝ የምታወጣዋን እናት «አህያሽ ስድብ ነው» በላት፤ የምትመልስልህ መልስ ከጭድ ተራ መልስ ይብሳል። አህያው የሞተባት ቀን ጀርባዋ ላይ የሚወጣውን እንስራ እሷ ታውቀዋለች።

«እሺ፣ የት ላይ ይሳል? ለአንተ ሲባል አዲስ ብር ሊታተም ነው?»

የሚታተም አለ እንጂ! መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አዲሶቹ አሥር፣ ሃምሳ፣ መቶና ሁለት መቶ ብሮች ሲታወጁ፣ አምስት ብሩ ባለበት ይቆይና ወደ ሳንቲም ይለወጣል ተብሎ ነበር። ያ አምስት ብር ነው የኔ ቦታ። ወረቀቱ ሲሄድ ቡና ለቃሚው፣ አጋዘኑና ደልጋ አንበሳው አብረው ይሄዳሉ፤ ለነሱም ሌላ ቦታ ይፈለግ፤ አምስቱ ላይ ግን አህያው ይግባ። አንድ ሳንቲም ላይ አይደለም፤ በሬውን ያወረድንበት ይበቃል። አምስት ብር እጅ ላይ ትቆያለች፤ ትዞራለች።

ሲሳልም እንዲህ ይሳልልኝ። ጭድ ተጭኖ፤ ጭዱ ከጆሮው በላይ ከፍ ብሎ፤ አራቱም እግሩ መሬት ላይ። ማንም አይጎትተው፤ ማንም ዱላ አይዝበት፤ መንገዱን ያውቃል። ጆሮውን የሚያሳጥር ሠዓሊ ካለ አይንካው። ዙሪያውን ደግሞ እንደ አክሱም ነገሥታት ሁለት የእህል ዘለላ ይቀመጥለት፤ ከነሱ ይልቅ ለሱ ይገባዋል።

«በሌላው ፊትስ ማን ይሁን?»

አንበሳው። አላባረርኩትም፤ ከምኒልክ ጀምሮ የነበረበትን ቦታ ማን ይነጥቀዋል?

«አንበሳና አህያ በአንድ ሳንቲም? ይበላዋል እኮ!»

ሳንቲም ሁለት ፊት አለው ወንድሜ፤ አይተያዩም።